ከሳሪስ መካኒሳ፦ የተሸመነችውን ማርያም ለመመርመር

ሳሪስ፣ የካቲት 20 ቀን 1988፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ከሳሪስ መካኒሳ ወንዙን ተሻግሮ በእግሩ ለሚያቋርጥ ሰው ሩቅ አይደለም። እኔ ግን ብቻዬን ወንዝ ዳር አልሄድም፤ ማን ከየትኛው ቁጥቋጦ እንደሚወጣ አይታወቅም። ስለዚህ በሜክሲኮ ዞሬ፣ ሁለት ታክሲ ይዤ፣ ቅርቡን ሩቅ አድርጌ ልሄድ ነው።

ጎህ ሲቀድ በሬን ቆለፍኩ። ቁልፉን ሁለቴ ሳብ ሳብ አድርጌ ሞከርኩት። ግቢው መውጫ ደርሼ ልቤ ስላላመነ ተመልሼ ለሦስተኛ ጊዜ ሳብኩት። ጎረቤቴ ጥርሷን እየፋቀች በአጥሩ ላይ ታየኛለች።

«ምነው የሺ፣ ሌባ ገባ የሚል ወሬ ሰማሽ እንዴ?»

«አልሰማሁም። ያልሰማሁት ነው የሚያሰጋኝ» አልኳት።

እንዲህ ያደረገኝ ሥራዬ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ጨርቁ በመብራት ፊት ሲያልፍ የተበጠሰ ክርና የፈሰሰ ቀለም እፈልጋለሁ። ጉድለት ያላገኘሁ ቀን ጉድለቱ ያመለጠኝ ይመስለኝና እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ዛሬም ወደ መካኒሳ የተጠራሁት ለዚሁ ነው።

አክስቴ እትዬ አስካለ በንጉሡ ዘመን ኢየሩሳሌም ተሳልማ ስትመለስ አንድ የግብጽ መነኩሴ የሰጣትን ጨርቅ ይዛ መጣች። ቁመቱ ክንድ ይሆናል። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ዙፋን ላይ ተቀምጣለች፤ ግራና ቀኟን ሁለት መላእክት ቆመዋል፤ ዙሪያውን የፍራፍሬ ጉንጉን ከቦታል። በቀለም የተሳለ አይደለም፤ በመርፌም አልተጠለፈም። ከነፊቱ ከነዓይኑ ተሸምኖ የወጣ ነው። ፋብሪካ ሳለሁ ሥልጠና የሰጠን አንድ መምህር እንዲህ ያሉ ጨርቆችን በፎቶግራፍ አሳይቶናል። በቢዛንታይን መንግሥት መጀመሪያ ዘመን፣ ከሺህ ዓመት በእጅጉ በፊት፣ የግብጽ ሸማኔዎች ቅዱሳንን በበግ ጠጉር እየሸመኑ ለጸሎት ቤት ያወጡ ነበር ብሎናል። የአክስቴ ጨርቅ የዚያ ዘመን ይሁን በዚያ አምሳል በኋላ የተሠራ፣ ያረጋገጠ የለም። እኔ በበኩሌ ጨርቁንም መነኩሴውንም አላመንኳቸውም።

እሷ ግን ሃያ ምናምን ዓመት ጠዋትና ማታ ስትሳለመው ኖራለች። ልጇ ታደሰ ወደ ሰሜን ሲዘምት «በሰላም ከመለስሽልኝ ይህንን ለቤተ ክርስቲያንሽ አስገባለሁ» ብላ ተሳለች። ታደሰ ተመለሰ። የጨርቁን ጠርዝ ብል በልቶት ስለነበር ሳይጠገን አላስገባም እያለች ቆየች። በጥር ወር ለአንድ ሸማኔ ሰጠችው፤ ሲመለስላት «ይሄ የኔ አይደለም» አለች። ነገ ሃያ አንድ፣ የማርያም ዕለት ነው። ለቄሶቹም ተነግሯቸዋል። ሸማኔው ኦርጅናሉን ደብቆ ኮፒ ሰጥቷት ከሆነ ታደሰ ዛሬውኑ ሊያሳስረው ቆርጧል። ይህን የሚወስነው የየሺ ዓይን ነው ተባለና ተላከብኝ።

ሜክሲኮ፣ አንድ ሰዓት ተኩል

ዐቢይ ጾም ስለገባ ሥጋ ቤቶቹ መጋረጃቸውን ጥለዋል። አደባባዩ ዙሪያ አቧራው ከአሁኑ ተነስቷል። ጋዜጣ አዟሪዎች አስፋልቱ ዳር ጋዜጦቻቸውን ዘርግተው በድንጋይ ተጭነዋቸዋል፤ ቆሞ አርዕስት የሚያነበው ብዙ ነው፣ የሚገዛው ጥቂት።

የተሳፈርኩት ውይይት ላይ ነው። ውይይትን ለማያውቅ አንባቢ፦ ከኋላው ሁለት ረዣዥም ወንበሮች ፊት ለፊት የተገጠሙለት፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ የሚኬድበት መኪና ነው። ሰው ለመጠርጠር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ከመሳፈሬ በፊት ሾፌሩን በመስኮት ጠየቅሁት።

«መካኒሳ ድረስ ትገባለህ?»

«ብስራተ ገብርኤል ነው የማቆመው እትዬ። ወደ ታች መንገዱ ተቆፍሯል።»

«መቼ ተቆፈረ?»

«እኔ አልቆፈርኩትም!» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አሳጥሮ ሊያወርደን የፈጠረው ነው ብዬ መዘገብኩት።

ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ኮት ለባሽ ዓይኑን ከቦርሳዬ ላይ አልነቅል አለ። ቦርሳዬን ወደ ሆዴ ሳብ አደረግሁት። እሱ ደግሞ ዝቅ ብሎ ያየዋል። ሳር ቤትን እንዳለፍን አላስችል አለኝ።

«ወንድም፣ የጠፋብህ ነገር አለ?»

«የለም እትዬ» አለ በትሕትና። «ከቦርሳዎ አንድ ስለት ነገር ወጥቶ ሱሪዬን እየቀደደብኝ ነው።»

እውነትም የጨርቁን ገበር መፍታት ቢያስፈልግ ብዬ የያዝኩት ምላጭ በቦርሳው ስፌት ሾልኮ ወጥቷል። ሰው ሁሉ ሳቀ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ቦርሳዬን አላየም ማለት ግን አይደለም።

ብስራተ ገብርኤል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

መንገዱ እውነትም ተቆፍሯል። ቀይ አፈር ከሁለቱም ወገን ተከምሮ ሰው በእንጨት ላይ ይሻገራል።

ታደሰ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ከግንባር ሲመለስ ከስቶ ነበር፣ አሁን ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ሆኖ ተመችቶታል። ጉንጬን ስሞ ሳይጨርስ ዓይኔ የለበሰው አዲስ የቆዳ ጃኬት ላይ ዐረፈ።

«ይቺ ከየት መጣች?»

«ከመርካቶ ነዋ።»

«መቼ?»

ቆም ብሎ አየኝ። «እትዬ የሺ፣ እኔንም?»

«ጠየቅሁ እንጂ ምን አልኩ» አልኩት። ግን ጨርቁን እሱ ራሱ ሸጦት ቢሆንስ የሚለው ሐሳብ እስከ መካኒሳ አልለቀቀኝም።

ቁልቁል በእግራችን ወረድን። ከግንብ አጥር ጎን የጭቃ ቤት፣ ከጭቃ ቤቱ ጎን የበግ በረት አለ። በመንገድ ላይ ስለ ሸማኔው ነገረኝ። አቶ ባሳ ይባላል፣ የጨንቻ ሰው ነው፤ መካኒሳ ከገባ ስምንት ዓመት ሆኖታል። የሰፈሩ ሴት ፈትሏን ለእሱ ነበር የምትሰጠው። ወሬው ከተሰማ ወዲህ ባሉት ሁለት ሳምንታት ግን ሁሉም እየሄደ ፈትሉን አንስቶበታል።

«እናንተስ ጠየቃችሁት?»

«ጠየቅነው። ገበሩን ፍቱትና እዩ አለን።»

«ለምን አልፈታችሁትም?»

«ማስረጃውን ሊያበላሽብን ነዋ! ባለሙያ ሳያየው እንዴት ይነካል?»

ንግግሩ አሳመነኝ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን የማስበው ይህንኑ ነው።

መካኒሳ፣ ሦስት ሰዓት

እትዬ አስካለ መነሳት ቢያቅታትም ካልተነሳሁ ብላ በሩ ላይ ሳመችኝ። ከመስኮቱ ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ ጨርቁ የኖረበት ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ዙሪያው በጭስ ጠቁሯል።

«የሺዬ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሌላው ሰው አሮጊት ስለሆንኩ የዘባረቅሁ መስሎታል።»

በነጠላ የተጠቀለለውን ጨርቅ አውጥታ ሰጠችኝ። መስኮቱ ጋ ወስጄ ዘረጋሁት። የቀድሞውን ከልጅነቴ አስታውሰዋለሁ፤ ውኃ የነካው ሻይ የመሰለ፣ ፊትና ልብሱ የማይለይ ነበር። ይህኛው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነው። የመላእክቱ ክንፍ ላባው ይቆጠራል። የእመቤታችን ዓይኖች ትልልቅ ሆነው ወደ ጎን ያያሉ። ጀርባው በአዲስ አቡጀዴ ተገብሯል፤ ገበሩ በአራቱም ጠርዝ ጥቅጥቅ ብሎ ተሰፍቷል።

«ምኑን አይተሽ ነው ያንቺ እንዳልሆነ ያወቅሽው?»

«ልጇን!» አለች በጣቷ እያሳየች። «ልጇን በግራ ክንዷ ነበር የምታቅፈው። እኔ ግንባሬን የማሳርፈው እግሩ ላይ ነው፣ ተንበርክኬ፣ በዚህ በኩል። አሁን እይው፣ በቀኟ አድርጋዋለች። በጨለማ ብትሰጪኝ እንኳ የማውቃትን እናት እንዴት ነው የምሳሳታት?»

አየሁ። እውነት በቀኟ ነው። አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ ከጥግ እስከ ጥግ መረመርኩ። ጭስ የለም፣ የፀሐይ ምት የለም። በፋብሪካ ዘመኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ቀለም ሃያ ዓመት ፀሐይ ፊት ተሰቅሎ እንዲህ ደምቆ አይቆይም። ገበሩን ልፍታ ብዬ ምላጬን ሳወጣ እትዬ አስካለ እጄን ያዘች፤ የሌላ ቢሆንም የማርያም ሥዕል በምላጭ አይነካም አለች። እኔም አልተከራከርኩም። ያየሁት በቅቶኛል።

«የቆየ ቀለም አይደለም» አልኩ ቀና ብዬ። «ኮፒ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ይህን ስል ደስ ብሎኛል። ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበርና ልክ ሆንኩ። እትዬ አስካለ ግን መደቡ ላይ ቁጭ ብላ ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ነገ ምን ይዤ ልገባ ነው? ልጄን ሰጠችኝ፤ እኔ የሷን ለሌባ አስበላሁባት።»

ታደሰ ቀበሌ ሊሄድ ተነሳ። ያዝኩት። «ብትከሰው ደብቆ ያስቀረዋል። መጀመሪያ ድንገት ገብተን ቤቱን እንፈትሽ» አልኩ። ፍተሻው የእኔ ሐሳብ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። እትዬ አስካለም ጨርቁ ያለ እኔ አይወጣም ብላ ከዘራዋን አነሳች።

ከመካኒሳ አቦ በታች፣ አምስት ሰዓት

ከመካኒሳ አቦ ወደ ላፍቶ በሚወስደው ቁልቁለት፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ያለ አንድ ክፍል ቤት ነው። በእትዬ አስካለ እርምጃ ለመድረስ አንድ ሰዓት ፈጀብን። በየደጁ የቆመ ሰው እያየን ይንሾካሾካል።

አቶ ባሳ እግሩን የሸማ ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ተቀምጧል። ሃምሳውን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ጣቶቹ ረዣዥም ሰው ነው። የሽመና ዕቃው ላይ ግን አንድ ክር የለም። በባዶ ዕቃ ፊት ተቀምጦ መወርወሪያውን በቅባት ይወለውላል። ሲያየን ተነሳና ለእትዬ አስካለ ወንበር ሰጣት።

«ኦርጅናሉን የት አስቀመጥከው?» አልኩት፣ ሰላምታም ሳልሰጥ።

«ይፈልጉ» አለኝ። «ቤቱ ይኸው ነው።»

ፈለግሁ። አልጋው ሥር ገባሁ፣ ሳጥኑን ከፈትኩ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ በእጄ ዳበስኩ። ከሳጥኑ ሥር የበሰበሰ ወፍራም ሸራ ተጣጥፎ አገኘሁ። እትዬ አስካለ ወዲያው ለየችው፤ መነኩሴው ጨርቁን ሲሰጣት ጀርባው ላይ ሰፍቶበት የነበረው ገበር ነው።

«ይኸውላችሁ!» አልኩ። «ሸራው እዚህ ከተገኘ ጨርቁም እዚህ ነው ያለው።»

ታደሰ ወደ ሸማኔው ጠጋ አለ። አቶ ባሳ አልሸሸም። «የሳቸው ንብረት ስለሆነ አልጣልኩትም። ልመልስ ብዬ ሁለት ቀን መጣሁ፣ በር ተዘጋብኝ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ምላጭ ይዘዋል?»

«ይዣለሁ።»

«እንግዲያው ባለቤቷ እያዩ ገበሩን ይፍቱት። እኔ አልነካውም።»

እትዬ አስካለን አየኋት። ከዘራዋን አጥብቃ ይዛ አማተበች። በመጨረሻ «ፍቺው» አለችኝ።

ስፌቱ ጠንካራ ነበር። ታችኛውን ፈታሁ፣ ግራና ቀኙን ፈታሁ። አቡጀዴውን ገለጥ ሳደርግ ክው አልኩ።

ያቺው የልጅነቴ ማርያም ናት። የደበዘዘች፣ ሻይ የመሰለች፣ ልጇን በግራ ክንዷ ያቀፈች። በልጇ እግር ላይ በሰው ግንባር የጠቆረ ቦታ አለ። ከሥሩ የጧፍ ጠብታ ደርቋል። እትዬ አስካለ ጣቷን ጠብታው ላይ አሳረፈችና «ታደሰ የዘመተ ሌሊት ነው» አለች።

አቶ ባሳ ጠጋ ብሎ በጣቱ አመለከተን። «ይሄ ጨርቅ ጀርባ የለውም» አለ። «ማጉ በየቀለሙ እየሄደ በቦታው ይመለሳል፤ ከዚህም ከዚያም እኩል ነው። አንዱን ፊት ፀሐይ በላው። ሁለተኛው ሸራው ውስጥ ተደብቆ ቆየ። ሸራውን ስፈታ አየሁትና ገለበጥኩት። ሲገለበጥ ልጁ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ሌላ ምን ያደርጋል?»

እንደ ሰው ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ቀጠለ፤ ድምፁም እየሞቀ ሄደ። «ድሩን አይታችኋል? በወርድ ነው የሚሄደው። በጎን አስተኝተው ነው የሸመኗት። ያ ሰውዬ ሲሠራት ፊቷን ቀና ብላ አላያትም። ተሠርታ አልቃ ከሽመና ዕቃው ስትወርድ ነው ያቆማት። እኔ ብል የበላውን ጠርዝ ስጠግን ሦስት ቀን አንገቴን አዘንብዬ እንደሱ ነው የሠራሁት።»

«ታዲያ ለምን አስቀድመው አልነገሯትም?» አልኩ። «እርስዎ» ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«ራሳቸው ገልጠው ሲያዩአት ደስ እንዲላቸው ብዬ ነዋ።»

ምላሴን በቆረጠው አልኩ። ያ መምህር ይህንኑ ነግሮናል፤ ሁለቱም ገጽ አንድ ነው ብሎ በደብተሬ ጽፌዋለሁ። ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያየሁት የታተመ ጨርቅ ነው፤ የእሱ ጀርባ ምንጊዜም የነጣ ነው። እኔ የማውቀውን ብቻ ፈልጌ፣ አንድ ሰው ላሳስር ነበር።

እትዬ አስካለ ከወንበሩ ተንሸራታ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ብድግ አድርጎ ያዛት።

«ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብያለሁ እናቴ። ለሁላችንም እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።»

ታደሰ አንገቱን ደፍቶ ነበር። «በል እንግዲህ አቶ ባሳ፣ ለነገ መልሰህ ስፋልን» አለ።

«አልሰፋም።»

«ይቅር ብያለሁ አላልክም?»

«ብያለሁ። እጄን ግን ሁለተኛ አላስገባበትም።»

ስለዚህ የሰፋሁት እኔ ነኝ። መርፌና ክር አውጥቼ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥኩ። የቱ ገጽ ወደ ውጭ ይሁን ብዬ እትዬ አስካለን ጠየቅኋት። ሁለቱንም እያገላበጠች ብዙ አየች። «የኔዋ ልጄን መልሳልኛለች፣ ትረፍ። ለሕዝቡ የደመቀችዋ ትውጣ» አለች። የእኔ ስፌት ወዲያ ወዲህ ይሄዳል። አቶ ባሳ ከዳር ቆሞ ያያል። ላይኛውን ጠርዝ አጥብቄ ወደ ጎኑ ልወርድ ስል አስቆመኝ።

«ይበቃል። ሌላውን ክፍት ይተዉት።»

«ለምን?»

«የሚጠራጠር ሰው አይጠፋም። ገልጦ ይይ።»

የመካኒሳ ደጆች፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ

ጉዞዬ እዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። እትዬ አስካለ ግን ወደ ቤቷ በሚወስደው መንገድ አልታጠፈችም።

«ሌባ ያልኩት በየደጁ ነው» አለች። «አይደለም የምለውም በየደጁ ነው። ባሳ፣ አብረኸኝ ና።»

እሱ አልፈለገም። እሷም ካልመጣህ አልንቀሳቀስም ብላ አቧራው ላይ ቆመች። ጾሟን ናት፤ እህል ውኃ አልቀመሰችም። በመጨረሻ ተከተላት።

መጀመሪያ ወፍጮ ቤት ሄድን። ባለ ወፍጮው ሞተሩን አጥፍቶ ሰማት። «ይህ ሰው ምንም አልወሰደብኝም። እኔ ነኝ ስሙን ያጠፋሁ» አለች ጮክ ብላ። ሰውየው ዱቄቱን ከቅንድቡ እየጠረገ «እኔ መቼም አላመንኩም ነበር» አለ። ታደሰ በጆሮዬ ቀርቦ «ፈትሉን መጀመሪያ ያነሳው እሱ ነው» አለኝ። ከዚያ ወደ ሱቁ። ከዚያ የእድሩ ዳኛ ቤት፤ ዳኛው ለአቶ ባሳ ከመቀመጫው ተነስቶ እጁን ጨበጠው፣ እሁድ ለእድርተኛው እናገራለሁ ብሎም ቃል ገባ። በየደጁ እትዬ አስካለ ያንኑ ቃል ትላለች፤ በየደጁም ድምጿ እየሰለለ ሄደ። እኔ የተገለጠውን ጨርቅ ይዤ ከኋላዋ ቆሜ፣ ሲጠይቁኝ ሁለቱን ገጽ አሳያለሁ።

የመጨረሻው ደጅ በላፍቶ በኩል ዞሮ የሚመጣው ታክሲ ከሚቆምበት ፊት ለፊት ነው። ባለቤቲቱ የእትዬ አስካለ የዱሮ ወዳጅ ናት፣ ወሬውንም በሰፈሩ የበተነችው እሷ ነች። በሯ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማች። ዓይኗም እንባ አቀረረ።

«እሰይ! እሰይ፣ እንኳን ስምህ ነጻ ወጣ ባሳ! ማርያም ራሷ ነች ያወጣችህ!» አለችው። ይህን እያለች ወደ አጥሩ ሄደች። አጥሩ ላይ እንዲደርቁ የተሰጡ ሦስት ነጠላዎች ነበሩ፤ ገና ውኃቸው ይንጠባጠባል። እያመሰገነችና እየመረቀች አንድ በአንድ ሰበሰበቻቸውና ወደ ቤት አስገባቻቸው።

አቶ ባሳ አየ። እኔም ማየቱን አየሁ። ቦርሳዬን ስነካካ፣

«ታክሲዎ መጣ» አለኝ። «ይሂዱ።»